ከውርሱ በፊት የእናታችሁን ግማሽ ለዩ

ከአንዲት አንባቢ የመጣው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ትቼ ፍሬ ነገሩን አቀርባለሁ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ጉለሌ 350 ካሬ ላይ ያረፈ ግቢ አለን። ከእማዬ ጋር የተጋቡት በ1970 ዓ.ም. ነው። ቦታውን በ1973 ተመርተው ቤቱን አብረው ሠሩ። ካርታው ግን በአባታችን ስም ብቻ ነው። ከእማዬ የተወለድን አራት ነን። ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። ሰርቪስ ቤቶቹን ያከራያል፣ ኪራዩንም እሱ ይወስዳል። ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ከኋላ ያሉት አራት ክፍሎች የተሠሩት እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ታናሽ ወንድማችን አሜሪካ ነው፣ ዜግነት ወስዷል። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ተከራይቼ እኖራለሁ። አምና ደግሞ ‹አባታችሁ ከጋብቻ በፊት የወለዱኝ ልጅ ነኝ› የሚል ሰው ከአዳማ መጣ።

አሁን ታላቅ ወንድሜ ገዢ አግኝቶ አምስት መቶ ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሏል። ‹ውክልና ስጡኝ፣ ሸጬ ላካፍላችሁ› ይላል። እምቢ ስለው ‹አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ በበዓል ነው የምትመጪው› አለኝ። እማዬ ‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ አትጣሉብኝ› እያለች ታለቅሳለች። ሰሜን ሸዋም አጎታችን የሚያርሱት የአባታችን ርስት አለ፤ እሱስ የእኛ ነው ወይ? ፍርድ ቤት ብሄድ ወንድሜን አጣለሁ፣ ዝም ብል ቤቱን አጣለሁ። ምን ላድርግ ጋሼ?»

እህቴ፣ አጣዳፊውን ላስቀድም። ምንም ዓይነት ውክልና እንዳትፈርሚ። ቤሩት ላለችው እህትሽና አሜሪካ ላለው ወንድምሽም ዛሬውኑ ደውለሽ ይህንኑ ንገሪያቸው። ፈርመው ከሆነም አትደንግጪ፤ ውክልና ይሻራል። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታላቅ ወንድምሽ መሸጥ ይፈልጋል። የአዳማው ሰው ድርሻዬ ይላል። አንቺ ደግሞ ሐቄ ሊቀር ነው ብለሽ ትሰጊያለሽ። እናትሽ ግን የሚታዩት ሲያለቅሱ ብቻ ነው። የእሳቸው ድርሻስ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በዚህ ግቢ ላይ ከሁላችሁም የሚበልጥ መብት ያላቸው ግን እሳቸው ናቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው ይላል። በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ በቀር የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ወላጆችሽ በ1970 ተጋቡ፣ ቦታውን በ1973 ተመሩ። ስለዚህ ካርታው ላይ የአባትሽ ስም ብቻ መጻፉ የእናትሽን ግማሽ አያጠፋውም። አባትሽ ሲያርፉ ለውርስ የቀረበው የእሳቸው ግማሽ ብቻ ነው። የእናትሽ ግማሽ ዱሮም የራሳቸው ነበር፣ ዛሬም የራሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት ለባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም። ባል በኑዛዜ ካልተወላት በቀር ከእሱ ግማሽ ላይ አትካፈልም። ይህን ከሰው ወሬ የሰሙ ልጆች «እናታችን ወራሽ አይደለችም ተብሏል» ብለው የራሷን ግማሽ ጨምረው ይከፋፈሉታል። ወራሽ አይደለችም ማለት ባለንብረት አይደለችም ማለት አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበትን ቤት ልጆቿ ሲሸጡባት ዝም ብላ የምታይ እናት በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለችም። ልቤን የሚያሳምመኝ፣ አብዛኞቹ መብት እንዳላቸው የሚነግራቸው ሰው አለማግኘታቸው ነው። ስለዚህ ይህን ለእናትሽ መንገር ያንቺ ሥራ ነው። ለብቻቸው ሆነሽ፣ በእርጋታ፣ በቀላል ቋንቋ ንገሪያቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ያሉት ማንም ስላላስረዳቸው ነው።

እስቲ እናስላው። ግቢው በሙሉ መቶ ብር ያወጣል እንበል። ሃምሳው የእናትሽ ነው። ቀሪው ሃምሳ የአባትሽ ውርስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ፣ እዚያው የኖረ ወጥቶ የሄደ የሚል ልዩነት የለም። አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ይደርሳል። የአዳማው ሰው ልጅነቱ ከተረጋገጠ አምስት ትሆኑና አሥር አሥር ብር ይሆናል። እንግዲህ ታላቅ ወንድምሽ የመቶ ብሩን ግቢ ቀብድ የተቀበለበት የአሥር፣ ቢበዛ የአሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ድርሻ ይዞ ነው።

ስለ አዳማው ሰው ደብዳቤሽ ውስጥ ቁጣ አየሁ። ይገባኛል። አባታችሁን ቀብራችሁ፣ ሐዘኑ ሳይወጣላችሁ አዲስ ወንድም ነኝ ባይ ሲመጣ ማን ይደሰታል? ግን ሒሳቡን ተመልከቺ። ልጅ ከሆነ ከእያንዳንዳችሁ የሚቀንሰው ሁለት ብር ከሃምሳ ነው። ከእናትሽ ግማሽ ላይ ደግሞ፣ እሳቸው ካልተናዘዙለት በቀር፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ያ ነገ የሚደርሰው ከእሳቸው ለተወለዳችሁት ለአራታችሁ ነው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ልጅ ነው ወይስ አይደለም የሚል ብቻ ነው። የልደት ማስረጃ ካለው ያቅርብ። ከሌለው አባትሽ እንደ ልጃቸው ይይዙት እንደነበር፣ ዘመድም እንደዚያ ያውቀው እንደነበር በምስክር ያስረዳል። ዲኤንኤም አለ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እናትሽን ጠይቂያቸው። ከ1970 በፊት ስለነበረው ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤት ስትቀርቡ «ሌላ ወራሽ የለም» ብላችሁ እንዳትደብቁት ብቻ አደራ። ነገ መጥቶ ማስረጃችሁን ያሰርዘዋል፤ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል።

አሁን ወደ ታላቅ ወንድምሽ። የጋራ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1266 ነው ይህን የሚለው። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ፊት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ በምንለው መሥሪያ ቤት፣ መመዝገብ አለበት። ወንድምሽ ከደላላና ከገዢ ጋር ቁጭ ብሎ የፈረመው የመንደር ውል እናንተን አያስገድድም። ያለ እናትሽና ያለ እናንተ ፊርማ ስም አይዛወርም። ውክልናውን አምጡ ብሎ የሚያስጨንቃችሁም ለዚህ ነው።

የሚያስጨንቀው ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። በሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። አምስት መቶ ሺህ የተቀበለ አንድ ሚሊዮን ማለት ነው። ገዢው ይህን ነግሮት ይሆናል። ደላላውም ኮሚሽኑ እንዳይቀርበት ከኋላ ይገፋዋል። ወንድምሽ ክፉ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ስለፈራም ይጮህ ይሆናል። ስለዚህ ስታገኚው በክስ አትጀምሪ። «ቀብዱን እንዴት እንመልስ?» ብለሽ ጀምሪ። ውሉን ለጠበቃ አሳዩት። በሕጉ መሠረት ያልተመዘገበ ውል ስለሆነ ነጠላውን ብቻ መልሶ የሚወጣበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ገንዘቡን አጥፍቶት ከሆነ ሁላችሁም አዋጥታችሁ አበድሩትና ከድርሻው ይቆረጥ። ይህን አንድ ሸክም ብታቀሉለት ቀሪውን ንግግር የሚሰማበት ጆሮ ያገኛል።

እምቢ ብሎ ሽያጩን ሊገፋ ከሞከረ ግን አትጠብቂ። ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርበሽ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ ስም እንዳይዛወር የዕግድ ትዕዛዝ አውጪ። ትዕዛዙ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱና ለሰነዶች ማረጋገጫ እንዲደርስ አድርጊ። ዕግድ ማውጣት ወንድምን መክሰስ እንዳይመስልሽ። ነገሩ እስኪጣራ ሁሉም ባለበት ይቆይ ማለት ብቻ ነው።

ውክልናን አትፈርሚ ያልኩበት ምክንያት ይኸውልሽ። ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በየቦታው ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉ ቃላት ተደርድረውበት ነው የሚመጣው። ሰው ርእሱን አይቶ ይፈርማል። ኤምባሲና ቆንስላ ተሰልፎ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ቸኩሎ የሚፈርም ደግሞ ዝርዝሩን አያነብም። እህትሽና ወንድምሽ ውክልና መስጠታቸው አይቀርም፤ ካሉበት ሆነው ሊከታተሉት አይችሉም። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ይስጡ። ውርሱን ለማጣራት፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ፣ ማስረጃ ለማውጣት የሚል ይሁን። መሸጥና ስጦታ መስጠት አይግባበት። አንድ ሰው ላይ ከሚጭኑት ለሁለት ሰው ሰጥተው «ሁለቱ በአንድነት» እንዲፈርሙ ቢያደርጉ ደግሞ የተሻለ ነው። የተፈረመው ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ መቅረብ እንዳለበትም አትርሺ።

ከዚያ ወረቀቱ ይጀመር። የአባትሽን የሞት የምስክር ወረቀት ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ አውጡ። እናትሽ የጋብቻ ማስረጃ ካላቸው ይፈለግ። ሰማንያቸው ሳጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሌለም ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በምስክር አስረድተው ሚስትነታቸውን በፍርድ ቤት ያረጋግጣሉ። አሁኑኑ ምስክሮቹን ያዙ። በ1970 ሠርግ ላይ የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። የወራሽነት ማስረጃ አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ታላቅ ወንድምሽ ቀድሞ ብቻውን አውጥቶ እንዳልሆነም እዚያው ጠይቂ። አውጥቶ ከሆነ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል። ማስረጃው ወራሹ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ንብረቱን አይከፍልም። የትኛው የእናት፣ የትኛው የአባት፣ ዕዳው ስንት ነው የሚለውን የሚለየው የውርስ ማጣራት ነው። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ሪፖርት ያቀርባል፤ በሪፖርቱ ላይ አስተያየታችሁን ትሰጣላችሁ።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ውርስ ለመጠየቅ የሦስት ዓመት ገደብ ያስቀምጣል። የሚቆጠረውም መብትሽንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቅሽበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ይህ ገደብ በአንቺ ላይ ይሠራል አይሠራም የሚለው ጠበቃ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ለክርክሩ በር አትክፈቺ። አባትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ሦስተኛው ሳይሞላ ጥያቄሽ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይስፈር። ድርድሩ ጎን ለጎን ይቀጥላል። «ሽማግሌ ይዞናል» እያሉ ዓመታት አልፈውባቸው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብለው፣ የተመለሱ ሰዎች አሉ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ፤ ወደ ኪራዩና ወደ ማስታመሙ።

በሕጉ የጋራ ንብረት ፍሬ የባለድርሻዎቹ ነው። ወንድምሽ ለሁለት ዓመት የሰበሰበው ኪራይ ግማሹ የእናትሽ ነው። ቀሪው የወራሾቹ ነው። ሒሳብ ማቅረብ አለበት። ግቢው ውስጥ መኖሩ ብቻውን የግቢው ባለቤት አያደርገውም። ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የሒሳቡ ሌላ ወገንም ይቆጠር። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን ማን ከፈለ? ጣሪያው ሲያፈስ ማን አሠራ? የእናትሽ መድኃኒትና ቀለብ ከማን ኪስ ወጣ? ይህ ሁሉ ከኪራዩ ይቀነስለታል። ደረሰኝ ያለው በደረሰኝ፣ የሌለው በግምት።

ማስታመሙ ግን በደረሰኝ የሚያልቅ አይደለም። አባትሽን ሌሊት ሌሊት ያገላበጠ፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰ፣ ልብሳቸውን ያጠበ ሰው አለ። ወንድምሽ ነው፤ ከእሱም በላይ ሚስቱ ትሆናለች። ሕጉ ለዚህ ተጨማሪ ድርሻ አልሰጠም። እኔ ግን እናንተ ብትሰጡ ደስ ይለኛል። «በበዓል ነው የምትመጪው» ያለሽ ሊጎዳሽ ብሎ ብቻ አይደለም። ልፋቴን ማንም አላየልኝም ማለቱ ነው። ይህን በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሚስቱ ባለችበት ብታመሰግኑት ከብዙ ብር ይበልጣል። ብሩንም ጨምሩበት። ለምሳሌ የሁለት ዓመቱን የኪራይ ድርሻችሁን ብትተዉለትና ከዛሬ ጀምሮ በሒሳብ ቢሠራ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። የእናትሽን ግማሽ ግን መተው የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምስጋናውም ኪራዩም ተደምረው ግን ግቢውን በሙሉ አያሰጡትም። ይህንንም በፍቅር፣ ግን ሳታለሳልሺ ንገሪው።

ቤሩት ስላለችው እህትሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። አራት ክፍል ሠርታለች፤ እንደ ሌላው ሁሉ ግን የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ልትወስድ ነው። በሕግ በኩል ነገሩ ቀላል አይደለም። ለአባቷ በስጦታ የላከችው ከሆነ ገንዘቡ የወላጆቿ ሆኗል፤ ክፍሎቹም ከግቢው ጋር ይቆጠራሉ። ያበደረችው ወይም ለራሷ ያሠራችው መሆኑን ካስረዳች ግን እንደ ውርስ ዕዳ ከክፍፍሉ በፊት ሊከፈላት ይችላል። ማስረጃ ያስፈልጋል። የሐዋላ ወረቀቶች፣ የባንክ መግለጫ፣ ለአባቷ የላከችው የድምፅ መልእክት፣ ሥራውን የሠራው ግንበኛ። ዛሬ ነገ ሳትል ታሰባስብ። ክፍሎቹ በግንባታ ፈቃድ የተሠሩ መሆናቸውንም አጣሩ። ፈቃድ የሌለው ግንባታ ሲገመትና ሲካፈል ጣጣ ያመጣል።

ከሕጉ ውጪ ግን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች፣ ራሷ ሳታገባና ሳትወልድ የላከችው ብር ነው እዚያ ግድግዳ ሆኖ የቆመው። ስትመለስ የምትገባበት ክፍል ከሌላት ማናችሁ ናችሁ የምታስጠጓት? ማስረጃ ባታገኝም እናንተ ታውቃላችሁ። ሲገመት የክፍሎቹን ዋጋ ለብቻ አውጥታችሁ ለእሷ አስቀምጡላት። እናትሽም በግማሻቸው ይህን ቢስማሙ ነገሩ ያልቃል። ቤተሰቡ ውስጥ ትክክለኛ ነገር ለመሥራት አንድ ዕድል ብቻ ቢሰጣችሁ ይህን ምረጡ።

የአሜሪካው ወንድምሽ ነገር አጭር ነው። አገራችን ድርብ ዜግነት አትፈቅድም። የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን የሚከለክል ድንጋጌም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የተወላጅነት መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ የያዘ ሰው ይህ ክልከላ አይነካውም። ያውጣ። «አሜሪካዊ ስለሆነ ድርሻ የለውም» ለሚል ሰው ጆሮ አትስጡ።

ቤቱስ ይሸጥ ወይ? እናትሽ በሕይወት እያሉ፣ እሳቸው ራሳቸው ካልፈለጉ በቀር፣ አይሸጥ ባይ ነኝ። የሃምሳ ብሯ ባለቤት ናቸውና ቃላቸው ይቅደም። በዚያ ዕድሜ ከለመዱት ጎረቤት፣ ከዕድራቸው፣ ከደብራቸው ነቅሎ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱ በ1967 አዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የእናንተ የሆነው ቤቱና ይዞታው ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል። ከውርስ ውጪ፣ በሽያጭም ሆነ በስጦታ፣ ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ ለመንግሥት የመሬት ኪራይ ወደሚከፈልበት ወደ ሊዝ ይገባል። ገዢ ይህን ወጪ አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጣችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታው በእናትሽና በወራሾቹ ስም በውርስ ይዙር። የሚለቅ ካለም ዝውውሩ በውርስ ክፍፍሉ ውስጥ፣ በመካካሻ ክፍያ እንዲያልቅ የክፍለ ከተማውን መሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

350 ካሬ ለአምስትና ለስድስት አይሸነሸንም። አንዱ የሌላውን ድርሻ በግምት ዋጋ መውሰድ፣ ወይም በጋራ ይዞ ኪራዩን መካፈል፣ ወይም ሸጦ ብሩን መካፈል ነው ያለው። ለጊዜው ሁለተኛውን እመርጥላችኋለሁ። ኪራዩ በባንክ አንድ ሒሳብ ይግባ። የእናትሽ ግማሽ ለእሳቸው ይውጣ። ወንድምሽ ያስተዳድር፣ በየስድስት ወሩ ሒሳብ ያሳይ። የሚኖርበት ክፍል በስንት እንደሚታሰብም ይጻፍ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል። ያኔ ዋጋውንም ጊዜውንም የምትወስኑት እናንተ አትሆኑም።

ይህን ሁሉ ለመነጋገር ሽማግሌ አስቀምጡ። ከታላቅ ወንድምሽ ወገን ብቻ አይሁኑ። አንዷ ሴት ትሁን፤ እናትሽ ለሴት የሚናገሩትን ለወንድ አይናገሩምና። ቤሩትና አሜሪካ ያሉት በስልክ ይግቡ። የአዳማውም ሰው ይጠራ። የተስማማችሁበት በጽሑፍ ሆኖ ሁሉም ይፈርምበትና ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ካርታ አያዛውርም። ሽማግሌ ካልሆነላችሁም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ውስጥ የማስማማት አገልግሎት አለ። ስለዚህ ፍርድ ቤት መሄድ ወንድምን ማጣት ነው ብለሽ አትቁረጪ። ብዙ ቤተሰብ እዚያው ግቢ ውስጥ ታርቆ ይወጣል። ለእናትሽ የራሳቸው አማካሪ ቢኖር ደግሞ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። አንቺም ሆንሽ ወንድምሽ «ግማሽሽን ለእኔ በስጦታ ፈርሚልኝ» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። መናዘዝ ከፈለጉ በሕጉ መንገድ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦና ተፈርሞ፣ በራሳቸው ፈቃድ ይናዘዙ።

የሰሜን ሸዋው መሬት ሌላ መንገድ ነው። የገጠር መሬት ውርስ በክልሉ የመሬት ሕግና በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይመራል። እንደ ከተማ ቤት ለልጆች እኩል ይከፈላል ብለሽ አትጠብቂ። አባትሽ ወጣት ሆነው አዲስ አበባ ገብተው እዚሁ ከኖሩ፣ በ1967ቱ አዋጅም ሆነ በአማራ ክልል በ1989 በተደረገው ድልድል ጊዜ መሬቱ በእጁ ላይ ለነበረው ገበሬ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ «የአባቴ ርስት» የምትሉት በሕግ የአጎታችሁ ይዞታ ነው። አጎትሽን ሳትከሺ፣ ሳትቆጪ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ወይም የወረዳውን የመሬት አስተዳደር መዝገብ አሳዩኝ በይ። በአጎትሽ ስም ከሆነ ያንን ጉዳይ ተዪው። በአባትሽ ስም ከሆነ ግን ቅጂውን ላኪልኝና ለብቻው እጽፍልሻለሁ።